መወደድ ብቻውን አያድንም



ስለ ጨዋታ በዚህች ጠባብ ገጽ ላይ መጻፍ ለአንዳንዱ ሰው እንደ ቀልድ ሊቆጠር ይችላል። የምግቡ ነገር፣ የመኝታ ክፍሉ ጥበት፣ ከምረቃ በኋላ የሚጠብቀን የሥራ ፍለጋ እያለ ስለ ጨዋታ ማውራት ምን ይጠቅማል የሚል ወንድም አይጠፋም። መቼም ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ወደ ኋላ መልስ እሰጥበታለሁ። ለጊዜው ግን የጽሑፌን ሐሳብ ባጭሩ ላስቀምጥ። ጨዋታ የሚሞተው ወዳጅ ሲያጣ ይመስለናል። እኔ ግን ብዙ ወዳጅ እያለው የሞተ ጨዋታ አይቻለሁ፤ ጥቂት ወዳጅ ብቻ ይዞ የኖረም አለ። ልዩነቱ ያለው ጠባቂ በማግኘትና በማጣት ላይ ነው። መውደድና መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ እኛም የመጀመሪያውን እንጂ ሁለተኛውን ገና አልጀመርንም።

በመጀመሪያ የማነሣው የፕሌይስቴሽኑን ጨዋታ ነው። ከመገናኛ ወደ ኮተቤ ሲወጡ፣ በላምበረትና በካራ፣ ከወዲያ ማዶም በፈረንሳይ ለጋሲዮን በኩል እስከ እንጦጦ ግርጌ ድረስ፣ የፕሌይስቴሽን ቤት የማያውቅ የየካ ልጅ ያለ አይመስለኝም። አንድ ቴሌቪዥን፣ ሁለት ጆይስቲክ፣ አንድ አግዳሚ ወንበር፣ ከአግዳሚው ኋላም ቆሞ ተራ የሚጠብቅ ሕዝብ። የተሸነፈ ከፍሎ ይነሣል፤ ያሸነፈ ይቀመጣል። ትምህርት ቤት ያላስተማረንን ወረፋ መጠበቅ፣ መሸነፍን መቻልና በድል አለመኩራት ብዙዎቻችን የተማርነው እዚያ ነው። የመጨረሻውን እንኳ በደንብ አልተማርነውም።

በእነዚህ ቤቶች ለብዙ ዓመት የነገሠው ጨዋታ ፔስ ይባል ነበር። የጃፓኑ ኮናሚ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1995 «ዊኒንግ ኢለቨን» ብሎ ጀመረው፤ በ2001 «ፕሮ ኤቮሉሽን ሶከር» ተባለ፤ ዓለሙም እኛም የስሙን ፊደሎች አሳጥረን ፔስ አልነው። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች፣ ዓ.ም. ካላልሁ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በ2000 የወጣው ፕሌይስቴሽን 2 ከ155 ሚሊዮን በላይ የተሸጠ መሣሪያ ነው፤ ፔስም በእርሱ ላይ ተሳፍሮ ዓለምን ዞረ። በተለይም በ2006 የወጣው ፔስ 6 እስከ ዛሬ ድረስ፣ አሁን ልጅ አሳዳጊ በሆኑት ታላላቆቻችን አፍ ሲወደስ ይሰማል።

የተወደደበት ምክንያት ግልጽ ነው። ተፎካካሪው ፊፋ የቡድኖቹን እውነተኛ ስምና ማልያ በገንዘብ ገዝቶ ነበር። ፔስ ግን ለብዙዎቹ ቡድኖች ፈቃድ ስላልነበረው ሊቨርፑልን «መርሲሳይድ ሬድ»፣ ቼልሲን «ለንደን ኤፍ ሲ» እያለ ያጫውት ነበር። ለዚህ ግድ የነበረው ሰው አልነበረም። ኳሷ ከእግር ተለይታ በራሷ ክብደት ትንከባለል ነበር፤ ቅብብሉ ማሰብን ይጠይቅ ነበር፤ አንዲት ጎል ለማግባት መድከም ግድ ነበር። ብራዚላዊው አድሪያኖ በግራ እግሩ ከሩቅ ሲመታ በቤቱ ያለው ሁሉ ይጮህ ነበር። ካስቶሎ፣ ሚናንዳ፣ ኢቫሮቭ የተባሉ፣ በምድር ላይ ተወልደው የማያውቁ ተጫዋቾች ከብዙ እውነተኛ ተጫዋች ይልቅ በቃል ይታወቁ ነበር። የአገራችን ብሔራዊ ቡድን በፔስ 6 ውስጥ አልነበረም፤ ቢሆንም ጨዋታው የቡድን ስምና ማልያ ለመለወጥ ይፈቅድ ስለ ነበር፣ የሌለውን ቡድን መፍጠር ለተጫዋቹ የተተወ ነበር። ሠሪው ያልጨረሰውን ተጫዋቹ እንዲጨርሰው መተው ትንሽ ነገር አይደለም። ሰው አንድን ነገር የራሴ ነው የሚለው እጁን ሲያስገባበት ነውና።

እንግዲህ እንዲህ የተወደደ ጨዋታ እንዴት ወደቀ? ነገሩን በቅርብ ለሚመለከት ሰው መልሱ አስተማሪ ነው። በ2006 መጨረሻ ፕሌይስቴሽን 3 በመጣ ጊዜ አሮጌው ሥራ ከመሠረቱ መታደስ ነበረበት። የፊፋ ሠሪዎች አፍርሰው እንደ ገና ሠሩ፤ ኮናሚ ግን በአሮጌው ግድግዳ ላይ ቀለም እየቀባ በየዓመቱ መሸጥን መረጠ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ፊፋ ቀደመው። ከዚያ በኋላ የኩባንያው ዓይን ወደ ስልክ ጨዋታና ወደ ቁማር መሣሪያ አዘነበለ፤ «ሜታል ጊር» የተባለውን ዝነኛ ተከታታይ ጨዋታ ያበጀው ሂዴኦ ኮጂማም በ2015 ከኩባንያው ወጣ፤ ይሠራው የነበረውም አዲስ «ሳይለንት ሂል» ተሰረዘ። በመጨረሻም በ2021 ፔስ የሚለው ስም ራሱ ተጣለና «ኢፉትቦል» ተባለ። መስከረም 30 ቀን 2021 የወጣው ይህ ጨዋታ ጉድለቱ ስለ በዛ የዓለም መሳለቂያ ሆነ፤ ኩባንያውም በማግሥቱ ይቅርታ ለመጠየቅ ተገደደ።

ከእውነት ላለመራቅ ይህንንም ልጨምር። ኢፉትቦል ከዚያ ወዲህ ተሻሽሏል፤ ዛሬም በስልክ የሚጫወተው ሰው ብዙ ነው። ኮናሚም የተዋቸውን ሥራዎች መልሶ እያነሣ ነው፤ «ሳይለንት ሂል 2» በ2024፣ ከሜታል ጊር ሦስተኛው ደግሞ በ2025 እንደ ገና ተሠርተው ወጥተዋል። ነገር ግን ይህ ራሱ የምለውን ነገር ያስረዳል። ጨዋታው የሚተኛውም የሚነቃውም ባለቤቱ ገበያውን አይቶ ሲወስን ነው። ወዳጆቹ ለዓመታት ሲጣሩ አልተሰሙም፤ ትርፍ ያለ በመሰለ ቀን ግን ተሰሙ።

ተፎካካሪው ፊፋም ቢሆን ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። በ1993 ተጀምሮ ሠላሳ ዓመት ያህል የዘለቀው ስም፣ ሠሪው ኩባንያና የዓለም እግር ኳስ ማኅበር በውል ስላልተስማሙ፣ በ2022 በወጣው ፊፋ 23 አበቃ። ቀጣዩ በ2023 «ኢኤ ስፖርትስ ኤፍ ሲ» ተብሎ ሲመጣ የቀደሙት ፊፋዎች ከኢንተርኔት መሸጫዎች ወረዱ። ሁለት ባለ ሥልጣኖች ሲጣሉ የሠላሳ ዓመት ትዝታ ከመደርደሪያ ይወርዳል ማለት ነው። በየሰፈራችን ያሉ ልጆች ዛሬም አዲሱን ጨዋታ «ፊፋ» ይሉታል፤ የስሙ ጠባቂዎች እነርሱ ብቻ ቀርተዋል።

ይህ የሁለት ጨዋታ ችግር ብቻ አይደለም። በአሜሪካን አገር የቪዲዮ ጨዋታ ታሪክን ለመጠበቅ የቆመ አንድ ድርጅት በ2023 ባወጣው ጥናት፣ ከ2010 በፊት በዚያ አገር ከወጡት ጨዋታዎች ውስጥ 87 ከመቶው በገበያ ላይ እንደማይገኙ አስታወቀ። ከመቶ 13ቱን ብቻ ነው ሰው በሕጋዊ መንገድ ገዝቶ ሊጫወት የሚችለው። ልብ በሉ፤ ይህ የሆነው ገንዘብ፣ ሙዚየምና ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ባሉበት አገር ነው። ቤተ መጻሕፍት አሮጌ ጨዋታዎችን ለተመራማሪዎች በሩቁ ለማካፈል እንዲፈቀድላቸው የቀረበውንም ጥያቄ የዚያው አገር የቅጂ መብት ጽሕፈት ቤት በ2024 ሳይቀበለው ቀረ።

የአዲሱ ዘመን ጨዋታ ደግሞ ከአሮጌው የባሰ ደካማ ነው። አሮጌው በዲስክ ላይ ያለ ነው፤ ዲስኩና መሣሪያው እስካሉ ድረስ ይሠራል። አዲሱ ግን በብዙው በኩባንያው ሰርቨር ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዩቢሶፍት የተባለው ኩባንያ በ2014 የሸጠውን «ዘ ክሩ» የተባለ የመኪና ጨዋታ መጋቢት 31 ቀን 2024 ሰርቨሩን ሲያጠፋው፣ በገንዘባቸው የገዙት ሰዎች ብቻቸውን እንኳ ሊጫወቱት አልቻሉም። በዚህ የተቆጡ ሰዎች በአውሮፓ ፊርማ ማሰባሰብ ጀመሩ፤ በ2025 ፊርማው ከአንድ ሚሊዮን አለፈ። የሚጠይቁትም ቀላል ነገር ነው፤ ኩባንያ ጨዋታውን ሲተው ቢያንስ ሰው በራሱ ሊጫወተው በሚችልበት መልክ ይተውልን ነው የሚሉት። የሸጡትን በሬ አርደው ሥጋውን ጭነው መሄድ አይገባም እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ፣ ይህ ሁሉ የጃፓንና የአሜሪካ ጉዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን የሚል አንባቢ ይኖራል። ያገባናል። ያውም ከእነርሱ ቀድመን ያየነው ነገር ነው። ማስረጃዬም ሰንጠረዥ ነው።

ዛሬ «ሰንጠረዥ» ሲባል ወደ አእምሮአችን የሚመጣው በመስመር የተከፋፈለ የቁጥር ገጽ ነው። የእግር ኳስ ወዳጅ ከሆንን ደግሞ የደረጃ ሰንጠረዥ ነው፤ ማን አንደኛ ነው፣ ማን ሊወርድ ነው። ሰንጠረዥ የንጉሥና የሠራዊት ጨዋታ እንደ ነበር የሚያስታውስ ጥቂት ነው። ከአረብኛው «ሸጥረንጅ» ጋር አንድ ሥር ያለው ይህ የኢትዮጵያ ቼዝ ለብዙ መቶ ዓመት በነገሥታትና በመኳንንት ቤት ይጫወቱት የነበረ ነው። በ16ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱ እንደ ነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ያነሣሉ።

ጨዋታው እንደ ዛሬው ቼዝ አልነበረም። ሰሌዳው ነጭና ጥቁር ቤት ሳይኖረው በመስመር ብቻ የተከፈለ፣ ብዙ ጊዜም በቀይ ጨርቅ ላይ የተሠራ ነበር። ንጉሥ፣ ፈርዝ፣ ፊል፣ ፈረስ፣ ደርና መደቅ ነበሩት። ከሁሉ የሚያስደንቀው አጀማመሩ ነው። ሁለቱ ተጫዋቾች ተራ ሳይጠብቁ፣ በአንድነት፣ እያንዳንዱ እንደ ፈቃዱና እንደ ፍጥነቱ ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ አንዱ የሌላውን እስኪበላ ድረስ ተራ የሚባል ነገር የለም። ይህ ክፍል «ወረራ» ይባል ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ብቻ በተራ መጫወት ይጀመራል። አጨራረሱም ክብር ነበረው፤ በኃይለኛው በደር ንጉሡን መግደል እንደ ተራ ነገር ሲቆጠር፣ በደካሞቹ ጠጠሮች አጣብቆ መያዝ ግን ያስመሰግን ነበር። አእምሮ ያለው ሰው ይፍረድ፤ ዛሬ የኮምፒዩተር ጨዋታ ሠሪዎች እንደ አዲስ ግኝት የሚኮሩበትን፣ ሁለት ተጫዋች በአንድ ጊዜ የሚንቀሳቀስበትን የጦርነት ጨዋታ አባቶቻችን በጨርቅ ላይ ይጫወቱት ነበር።

ታዲያ ይህ ጨዋታ የት ገባ? ከጣልያን ወረራ በኋላ የነበረው የመኳንንት ቤት ሥርዓት ሲለወጥ ጨዋታውም አብሮ እየመነመነ ጠፋ። የጠፋው ስለ ተጠላ አይደለም። የሚያውቁት ሰዎች በቃል ያውቁት ነበር፤ ሲሞቱም ይዘውት ሄዱ። ዛሬ ደንቡን ለማወቅ ብንፈልግ ወደ ውጭ አገር ሰዎች ጽሑፍ መሄድ አለብን፤ ለምሳሌ እንግሊዛዊው መሪ በ1913 ባሳተመው የቼዝ ታሪክ መጽሐፍ ውስጥ እናገኘዋለን። ከሁሉ የተሟላውን ደግሞ ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እዚሁ ስድስት ኪሎ በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ አውጥተውታል። ከኮተቤ ስድስት ኪሎ ሩቅ አይደለም። ከእኛ መካከል ስንቶቻችን አንብበነዋል? «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» የሚለውን ተረት እናውቃለን፤ የተጻፈውንም ካላነበብነው ግን ያው የተረሳ ነው።

እስቲ አሁን ሰንጠረዥን ከገበጣ ጋር እናስተያይ። ሁለቱም የሰሌዳ ጨዋታ ናቸው፤ ሁለቱም ጥንታዊ ናቸው፤ ሁለቱም ብልኃት ይጠይቃሉ። አንዱ ሞተ፤ አንዱ ኖረ። ምክንያቱ ምንድን ነው? በበኩሌ ሦስት ነገር ይታየኛል።

መጀመሪያ፣ ገበጣ የማንንም ፈቃድና ሀብት አይጠይቅም። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍሮ ጠጠር የለቀመ እረኛ ሁሉ ባለቤት ነው። ሰንጠረዥ ግን የተቀረጸ ጠጠር ስለሚፈልግ ከትልቅ ቤት ጋር ታስሮ ነበር፤ ቤቱ ሲወድቅ አብሮ ወደቀ። ይህ ከፕሌይስቴሽኑ ነገር ጋር ምን ያህል እንደሚመሳሰል አስተውሉ። ጨዋታ ከአንድ ቤት ጋር ብቻ ከታሰረ፣ ቤቱ የመኳንንትም ይሁን የኩባንያ፣ ዕድሜው በዚያ ቤት ዕድሜ ይለካል።

ሁለተኛ፣ ገበጣ በየአገሩ መልኩን እየለወጠ ኖሯል። የጉድጓዱ ቁጥር፣ የጠጠሩ ብዛት፣ አበላሉ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ፓንክረስት በዚያው በ1971 ስለ ገበጣ ለብቻው በጻፉት ረጅም ጥናት እጅግ ብዙ ዓይነቱን መዝግበዋል። የሚለወጥ ነገር በአንዱ ቦታ ቢጠፋ በሌላው ይገኛል።

ሦስተኛ፣ ገበጣ ጠባቂ አግኝቷል። የባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ገበጣን ባለ 12 እና ባለ 18 ጉድጓድ አድርጎ፣ ከገና፣ ከትግል፣ ከኩርቦ፣ ከቡብና ከፈረስ ጉግስ ጋር በአገር አቀፍ ውድድር ያጫውታል፤ ደንቡም ተጽፏል። ከአዲስ አበባም «ቅኔ» በሚል ስም የሚሠሩ ወጣቶች ገበጣን በስልክ የሚጫወቱት አድርገው አቅርበውታል፤ «ኩኩሉ» የተባለውንና አሳዳጅዋን የምትሸሽ አንዲት ዶሮ ያለችበትን ጨዋታም የሠሩት እነርሱ ናቸው። ይህ ሁሉ የሚያስመሰግን ነው። ነገር ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ሁለቱ ዓይነት ገበጣ በውድድር ሲጸኑ ሌሎቹ ብዙዎቹ ዓይነቶች ውድድር ስለሌላቸው ብቻ ሊረሱ ይችላሉ። በስልክ ላይ ያለው ጨዋታም ስልኩ በተለወጠና ሠሪው ማደስ ባቆመ ቀን እንደ ፔስ 6 ዲስክ ይሆናል። የገበጣ ጠባቂ ገና ሙሉ ጠባቂ አይደለም።

አሁን በመጀመሪያ ወዳነሣሁት ተቃውሞ ልመለስ። በዚህ ችግር በበዛበት ዘመን ስለ ጨዋታ መጨነቅ ቅንጦት ነው የሚል ሰው፣ ሰው ሁሉ ድሀም ቢሆን እንደሚጫወት መርሳት የለበትም። እንዲያውም በቆርኪ የእግር ኳስ ቡድን ያሰለፈ፣ በብይ የተወዳደረ፣ በኖራ ሰኞ ማክሰኞ የሠመረ ልጅ ያደገው ገንዘብ በሌለበት ሰፈር ነው። ጨዋታ ሀብት የሌለው ሰው የፈጠረው ሀብት ነው። ይህንን ሀብት መመዝገብ ከአንድ ደብተርና ከአንድ እስክሪብቶ በላይ ወጪ አያስፈልገውም።

ሌላም ተቃውሞ አለ። የፕሌይስቴሽን ቤት ልጆችን ከትምህርት ያስቀራል፤ ከጫት ቤትና ከሺሻ ቤት ጋር የሚቆጠር ነው ይባላል። ወላጆች ይህን የሚሉት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የትምህርት ሰዓት የሚያልፍባቸው ቤቶች አሉ። ሆኖም መልሱ ሰዓት መወሰን ነው እንጂ ያ ሁሉ ዘመን እንዳልነበረ አድርጎ መርሳት አይደለም። የአንድ ትውልድ ልጆች ከአውሮፓና ከጃፓን እኩዮቻቸው ጋር በአንድ ጨዋታ የተገናኙት በእነዚህ ቆርቆሮ ቤቶች ነው። የታሪክ ተማሪ የጠላ ቤትንና የቡና ቤትን ታሪክ ሊጽፍ ከተፈቀደለት፣ የፕሌይስቴሽን ቤትን ታሪክ ለመጻፍ ማን ይከለክለዋል?

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሁሉ የጠነከረ ነው። አሮጌ ነገር ይሙት፤ አዲስ ይተካዋል፤ ሁሉን ነገር ጠብቆ ማኖር አይቻልም ይላል። እውነት ነው፤ ሁሉን መጠበቅ አይቻልም። ግን ምን እንደሚሞትና ምን እንደሚኖር ማን ይወስናል ብለን እንጠይቅ። ዛሬ የሚወስነው የኩባንያ ሒሳብ ሹም ነው፤ አለዚያም ዝንጋታ ነው። እኛ ደግሞ ከሁለቱ አንዱ እስኪወስን ድረስ ዝም ብለን እንቀመጣለን። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ ከጠፋ በኋላ ማዘን ልማዳችን ሆኗል።

አንድ የሚያሳፍር የሚመስል ነገር ደግሞ በግልጽ መነገር አለበት። በየሰፈራችን የገቡት የፕሌይስቴሽን 2 ዲስኮች አብዛኞቹ የተቀዱ ነበሩ። የሠሪውን መብት የሚነካ ስለሆነ አላመሰግነውም። ነገር ግን ሠሪው ሥራውን ከተወው በኋላ፣ በዓለም ዙሪያ ፔስን በሕይወት ያቆዩት ወዳጆቹ መሆናቸው የታወቀ ነው። በ2012 የወጣና ለኪስ የተሠራውን የፕሌይስቴሽን ዓይነት በስልክ ላይ የሚያስመስል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በእርሱም የድሮውን ፔስ እያደሱ፣ የዘንድሮ ተጫዋቾችን እያስገቡ እስከ ዛሬ የሚጫወቱ ብዙ ናቸው። ባለቤቱ ጠባቂ ባልሆነ ጊዜ ወዳጅ ጠባቂ ይሆናል፤ ሕጉ ግን ይህንን ወዳጅ ከሌባ አይለየውም። ይህ ሊታሰብበት የሚገባ የሕግ ጉድለት ነው። የሕግ መምህራን በዚህች ገጽ ላይ መልስ ቢሰጡበት ደስ ይለኛል። ሠሪው መሸጥ ያቆመውን ሥራ ቤተ መጻሕፍት ለትምህርት ሊያኖረው የሚችልበት ጠባብ በር መክፈት የማንንም እንጀራ አይነካም።

ወቀሳ ብቻ አቅርቤ ብሄድ ከአጉራ ዘለሎች አንዱ እሆናለሁ። ስለዚህ ማኅበራችን በዚህ ዓመት ሊሠራቸው የሚችላቸውን አራት ነገሮች አቀርባለሁ፤ አንዳቸውም በጀት የሚጠይቁ አይደሉም ማለት ይቻላል።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ተማሪ ለዕረፍት ወደ አገሩ ሲሄድ አንድ ጨዋታ መዝግቦ ይምጣ። ገበጣ ከሆነ ስንት ረድፍ፣ ስንት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር፣ ማን ይጀምራል፣ እንዴት ይበላል፣ መቼ ያልቃል የሚለውን ይጻፍ፤ የተነገረበትን ወረዳና ቀንም ይጨምር። በግቢያችን ያለው ተማሪ ከአገሪቱ አራት ማዕዘን የመጣ ነው። አንድ ተመራማሪ በዓመታት ድካም የማይደርስበትን እኛ በአንድ ክረምት ልንደርስበት እንችላለን። መምህር ለመሆን ለምንማረው ደግሞ ለነገ ክፍላችን ስንቅ ይሆነናል፤ መደመርና መቀነስን ከገበጣ የተሻለ የሚያስተምር መሣሪያ በየገጠሩ ትምህርት ቤት አይገኝም።

ሁለተኛ፣ ሰንጠረዥን እናንሣው። ደንቡ ተጽፎ ተቀምጧል። ቀይ ጨርቅ ከሾላ ገበያ ይገኛል፤ ጠጠሩን አናጺ ሊቀርጸው ይችላል፤ ያም ቢቀር የቼዝ ጠጠር ያገለግላል። የቼዝ ክበብ አባሎች በሳምንት አንድ ቀን «ወረራ»ን ቢሞክሩት፣ ከመቶ ዓመት ያላነሰ ዕድሜ ያላቸው ጽሑፎች በእጃቸው ላይ ሕይወት ሲዘሩ ያያሉ።

ሦስተኛ፣ በቤተ መጻሕፍታችን አንድ መደርደሪያ ለአሮጌ የጨዋታ መሣሪያ ይሰጠን። በየቤታችን አቧራ የሚበላው ፕሌይስቴሽን 2 አይጠፋም፤ ዲስኩም፣ ሆዱ ትልቁ አሮጌ ቴሌቪዥንም እንዲሁ። ለዚህ መሣሪያ የወጣው የመጨረሻ ጨዋታ በ2013 የተሸጠው ፔስ 2014 መሆኑ ይነገራል፤ ከዚያ ወዲህ የሚሠራለት የለም፤ በየዓመቱም እየተሰበረ ያልቃል። ከመሣሪያው ጋር የቤቶቹ ባለቤቶች ቃል ይመዝገብ፤ መቼ ከፈቱ፣ በስንት ሳንቲም አጫወቱ፣ የትኛው ጨዋታ ብዙ ሰው ሰበሰበ፣ መብራት ሲጠፋ ክርክሩን እንዴት ዳኙ? ይህ ሁሉ የአዲስ አበባ ታሪክ ነው።

አራተኛ፣ በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው የእንጦጦ ፓርክ ከራሳችን ክፍለ ከተማ በላይ ያለ ነው። በዚያ ሰው በሚያርፍባቸው ቦታዎች አንዳንድ ድንጋይ ላይ የገበጣ ጉድጓድ ቢቀረጽ፣ የደንቡም አጭር ጽሑፍ በአጠገቡ ቢቆም ወጪው ምንድን ነው? ከባሕር ዛፉ ሥር ጠጠር ለቅሞ የሚቀመጥ ሽማግሌና ልጅ አይጠፋም። ማኅበራችን ለሚመለከተው ክፍል ደብዳቤ ይጻፍ። ድንጋይ ሰርቨር አይፈልግም፤ ፈቃዱም አያልቅም።

በመጨረሻም ኮምፒዩተር ለሚማሩት ወንድሞቼና እኅቶቼ አንዲት ቃል አለኝ። ነገ ጨዋታ የምትሠሩት እናንተ ናችሁ። ሠርታችሁ ብትከብሩ ደስታችን ነው። ነገር ግን የሠራችሁትን የምትተዉበት ቀን ይመጣል፤ ገንዘብ ያልቃል፣ ሥራ ይለወጣል፣ ስልኩ ያረጃል። በዚያን ቀን ሥራችሁን ከነምንጩ ለአንድ ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ። ይህንን ከመጀመሪያው ቀን በውላችሁ ላይ ጻፉት። በዚህ ነገር ትልልቆቹ የጃፓንና የአሜሪካ ኩባንያዎች ያላደረጉትን ብታደርጉ፣ ኋላ ቀር የሚለውን ስም ማን ለማን እንደሚሰጥ ያን ጊዜ እናያለን።

ፔስ 6ን የሚወድ ሰው በመገናኛ ዛሬም አለ። ሰንጠረዥን የሚወድ ሰውም በእንጦጦ ላይ በዐፄ ምኒልክ ዘመን እንደ ነበረ አልጠራጠርም። ሁለቱም ወደዋል፤ ሁለቱም የወደዱትን ለሚቀጥለው ሰው በእጁ አላስረከቡም። ሦስተኛው ወዳጅ እኛ ነን። «ሳይርቅ በቅርቡ፣ ሳይደርቅ በእርጥቡ» ነውና፣ የሚያውቁት ሰዎች በሕይወት ሳሉ፣ መሣሪያውም ሳይሰበር፣ ደብተራችንን እንክፈት።